ከሐዋሳ ወደ ዓለም አቀፍ የፊልም ውድድር፦ ፊልምዎን እንዴት እንደሚልኩ

በሐዋሳ ፊልም ሠርቶ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምረቃው ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ ፖስተር በባጃጅ ጀርባ ያስለጥፋል፤ ተዋንያኑ አምረውና ደምቀው ቀይ ምንጣፍ ላይ ፎቶ ይነሳሉ፤ ወር ሳይሞላም ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ነውር የለም። ነገር ግን ያንኑ ፊልም በዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የውድድር ክፍል እንዲታይለት ለሚመኝ ሰው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው፤ ምክንያቱም ታላላቆቹ ፌስቲቫሎች ፊልሙ ጥሩ መሆኑን ከማየታቸው በፊት የሚጠይቁት ከዚህ ቀደም የት፣ ለማን እና በምን ሁኔታ እንደታየ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በተለይ ለአጭር ፊልምና ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ነው። ረጅም የልብ ወለድ ፊልም ያለውም ሰው አብዛኛው ነገር ይጠቅመዋል፤ ሆኖም እርሱ የሽያጭ ወኪልና የስርጭት ውል የሚባል ሌላ ጣጣ ስላለበት፣ ያ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ውድድር ሲባል የትኛው ክፍል ነው?

አንድ ፌስቲቫል ብዙ በር ያለው ቤት ነው። በአንዱ በር የሚገቡት ዋናውን ሽልማት ለማግኘት ይወዳደራሉ፤ በሌላው የሚገቡት የራሱ ዳኞች ባሉት ጎን ክፍል ይወዳደራሉ፤ በሌላው የሚገቡት ያለ ውድድር ለሕዝብ ብቻ ይታያሉ፤ ከዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ ሻጭና ገዢ የሚገናኝበት ገበያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን ፌስቲቫል ባካሄደው በካን ዋናው ውድድር ወርቃማው ዘንባባ የሚሰጥበት ሲሆን፣ «ኧን ሰርተን ረጋር» የተባለው ክፍል ደግሞ የራሱ ዳኞችና የራሱ ሽልማቶች አሉት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ ሁለተኛ ክፍል ሲታይ፣ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። በዚያው በካን የአጭር ፊልም ማዕዘን የሚባል የመገናኛና የገበያ ቦታም አለ። በዚህ ቦታ ፊልም ማስመዝገብ ለውድድር ከመመረጥ ጋር አንድ አይደለም፤ «ፊልሜ ካን ቀረበ» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር በየትኛው በር እንደገባ መጠየቅ የለመድኩት ለዚህ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ፊልሙን መጀመሪያ የሚያዩት ዳኞቹ አለመሆናቸው ነው። በስም የሚታወቁት ዳኞች የሚያዩት ተመርጠው የቀሩትን ፊልሞች ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለውን ወንፊት የሚነፋው የምርጫ ኮሚቴው ነው። ለካን የአጭር ፊልም ውድድር በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች ይላካሉ፤ የሚመረጡት ግን ወደ አስራ አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። የኮሚቴው አባል በቀን ብዙ ፊልም ያያል፤ ዓይኑ ደክሟል፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። ስለዚህ የፊልምዎ የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ በከተማዋ የአየር ላይ ምስል፣ በአምራች ድርጅቱ ሦስት ዓርማዎችና በዝግታ በሚወርድ የስም ዝርዝር ከተሞላ፣ ዋናው ታሪክ ሳይጀምር ተመልካችዎ ሊያልፈው ይችላል።

ምረቃን መጠበቅ

እኛ ምረቃ የምንለውን ፌስቲቫሎች በየደረጃው ይከፋፍሉታል። አንድ ፊልም በየትኛውም አገር ለሕዝብ ሲታይ የመጀመሪያው ከሆነ የዓለም ምረቃ ይባላል፤ ከተሠራበት አገር ውጭ የመጀመሪያው ከሆነ ዓለም አቀፍ ምረቃ ይሆናል፤ ከዚያ በታች የአህጉርና የአገር ምረቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 የተጀመረው የቬኒስ ፌስቲቫል ለውድድሩ የሚፈልገው የዓለም ምረቃን ነው። በርሊን በበኩሉ በአገሩ የታየ፣ ነገር ግን ከአገሩ ያልወጣ ፊልም ሊቀበል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የሚካሄደው ፌስፓኮ ደግሞ በሌላ ቦታ ተሸልሞ የመጣን የአፍሪካ ፊልም በደስታ ያወዳድራል።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ሕግ ነው፤ ጥብቅ ከሆነው ተነስቶ ወደ ለዘብተኛው መውረድ ይቻላል፣ ከለዘብተኛው ተነስቶ ወደ ጥብቁ መውጣት ግን አይቻልም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የሄደበትን መንገድ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ በቬኒስ ውድድር ታየና የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አገኘ፤ በዚያው ዓመት ወደ ቱኒዚያው የካርቴጅ ፌስቲቫል ሄዶ ወርቃማውን ታኒት ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ በፌስፓኮ ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ አሸነፈ። ቅደም ተከተሉ ከዋጋዱጉ ቢጀምር ኖሮ የቬኒስ በር በተዘጋ ነበር። «ድፍረት»ም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ፣ በሚቀጥለው ወር በበርሊን ፓኖራማ በተባለው ክፍል የተመልካችን ሽልማት ደግሟል። የሐረርን ጫት ያነሳው «ፋያ ዳዪ» የተባለው ዘጋቢ ፊልምም እ.ኤ.አ. በ2021 ከሰንዳንስ ውድድር ወጥቶ በሚያዝያ ወር በስዊዘርላንድ በቪዥን ዱ ሬል ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን እንደጨረስኩ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ እንዲያዩት ብዬ ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ሁለት መቶ ሰው እንኳ ሳያየው አወረድኩት። ከወራት በኋላ ለአንድ የአውሮፓ ፌስቲቫል ስልክ፣ ቅጹ ላይ «ፊልሙ በኢንተርኔት ለሕዝብ ቀርቦ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አገኘሁ። በእውነት መለስኩ፤ ሁለት መስመር በሆነ ትሁት ደብዳቤ ፊልሙ ለውድድር ብቁ አለመሆኑ ተነገረኝ። እውነቱን በመናገሬ አልተጸጸትኩም፤ የተጸጸትኩት ለዘመዶቼ በፓስወርድ የተዘጋ ሊንክ መላክ እየቻልኩ ባለማድረጌ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ እንዳለቀ በቪሜዎ ወይም በመሳሰለው ላይ በፓስወርድ ብቻ በሚከፈት ሊንክ ያስቀምጡት። ለቴሌቪዥን ጣቢያ አይስጡት። ለተዋንያኑና ለሠራተኞቹ ማሳየት ከፈለጉ ቲኬት ሳይሸጡ፣ ማስታወቂያ ሳያወጡ፣ ጋዜጠኛ ሳይጠሩ በዝግ ቤት ማሳየት በአብዛኛው እንደ ሕዝብ ምረቃ አይቆጠርም። ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉት ትሬይለር ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ተዋንያኑም የራሳቸውን ትዕይንት ቆርጠው ቲክቶክ ላይ እንዳያወጡ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ይህን በውል ላይ ያልጻፈ ሰው በኋላ ላይ ወዳጁን ይቀየማል።

የትኛውን ፌስቲቫል፣ መቼ

የዓመቱን ዑደት ማወቅ ይጠቅማል። ሰንዳንስና ሮተርዳም በእነርሱ ጥር፣ በርሊን በየካቲት፣ ካን በግንቦት፣ ደርባን በሐምሌ፣ ሎካርኖ በነሐሴ፣ ቬኒስ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ቶሮንቶ በመስከረም፣ የአምስተርዳሙ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል በኅዳር ይካሄዳሉ። ፌስፓኮ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ጎዶሎ ቁጥር ዓመት የሚመጣ ነው። ፊልም መቀበል የሚዘጋው ግን ፌስቲቫሉ ከመድረሱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ለበርሊን የሚያስብ ሰው ሥራውን መጨረስ ያለበት መስቀል ሲቃረብ እንጂ ጥምቀት ሲደርስ አይደለም።

«በእነርሱ» ያልኩት በምክንያት ነው። ማርች የሚለውን ቃል ሲያዩ አእምሯቸው በቀጥታ መጋቢትን የሚያስብ ሰዎች አሉ። ማርች 1 ማለት ግን የካቲት 22፣ የአድዋ በዓል ዋዜማ ነው፤ መጋቢት 1 ሲደርስ እነርሱ ዘንድ ማርች 10 ሆኗል። የዘጠኝ ቀን ልዩነት አንድ ዓመት ያስጠብቃል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት እስከ 23፡59 ድረስ ይቀበላል የሚል ማስታወቂያ በክረምታቸው ወራት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ59 ሲሆን፣ በበጋቸው ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ59 ነው። እኔ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከእውነተኛው ቀን ሦስት ቀን ቀደም ያለውንም በቀይ አከብበዋለሁ፣ ምክንያቱም መብራትና ኔትወርክ የሚጠፉት ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ሌሊት ነው።

የርዝመት ገደብን ከሁሉ በፊት ያንብቡ። ካን ለአጭር ፊልም የሚፈቅደው የስም ዝርዝሩን ጨምሮ 15 ደቂቃ ነው፤ ቬኒስ 20፣ የበርሊን የአጭር ፊልም ክፍል ደግሞ 30 ደቂቃ ይፈቅዳሉ። እኛ ዘንድ ትልቁ ጠላት የመጨረሻው የምስጋና ዝርዝር ነው። ምግብ ያበሰለችውን እናት፣ ግቢውን ያዋሱትን ጋሼ፣ ጀነሬተር ያበደረውን ሆቴል፣ መኪና የሰጠውን የአክስት ልጅ በሙሉ ስምና ማዕረግ ሳይዘረዝሩ ማለፍ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የ14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፊልም በምስጋና ምክንያት 15 ደቂቃ ከ10 ሲሆን ከበሩ ይመለሳል። ስሞቹን በሁለት ዓምድ፣ በትንሽ ፊደል፣ በሠላሳ ሰከንድ ማሳለፍ ይቻላል፤ ምስጋናውን ደግሞ በአካል ሄዶ መድገም ማንም አይከለክልም።

ከገደብ ባሻገር ያለው ምርጫ የአመለካከት ጉዳይ ነው። ከመላክዎ በፊት ያ ፌስቲቫል ባለፉት ሦስት ዓመታት ለውድድር የመረጣቸውን ፊልሞች ዝርዝር አውጥተው፣ ማግኘት የቻሉትን ይመልከቱ። በዝምታ የሚሄድ፣ በሐይቃችን ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል የዓሣ አጥማጆችን ንጋት ብቻ የሚከታተል ዘጋቢ ፊልም ያለው ሰው፣ የምርመራ ዘገባ ለሚወድ ፌስቲቫል ቢልከው ገንዘቡን ሐይቅ ውስጥ እንደጣለ ይቁጠረው። በእኔ አስተያየት አሥር ቦታ በደንብ ተመርጦ መላክ አርባ ቦታ ከመበተን ይበልጣል። ከአሥሩ ውስጥ ሁለቱ ታላላቆቹ፣ አምስቱ መካከለኛ ግን የተከበሩ፣ ሦስቱ የአፍሪካ ቢሆኑ ሚዛኑ ጥሩ ነው።

ሐሰተኞቹን መለየት

በየወሩ «ሽልማት» የሚሰጡ፣ አዳራሽ የሌላቸው፣ የዳኞቻቸው ስም የማይታወቅ ድርጅቶች በኢንተርኔት ሞልተዋል። የሚኖሩት ከላኪው በሚሰበስቡት የምዝገባ ገንዘብ ነው። ምልክታቸው ግልጽ ነው፤ የሽልማት ምድቡ ከተወዳዳሪው ይበዛል፣ ፊልሙ የሚታይበት ሲኒማ ቤትና ቀን አይጠቀስም፣ ካሸነፉ በኋላ ዋንጫውን በገንዘብ እንዲገዙ ይጠየቃሉ። የእነዚህን የስንዴ ዘለላ የመሰለ የአሸናፊነት ምልክት በፖስተር ላይ ደርድሮ መለጠፍ ሠፈርተኛውን ቢያስደንቅም፣ ሥራውን የሚያውቅ ፕሮግራመር፣ ማለትም ለፌስቲቫል ፊልም የሚመርጥ ባለሙያ፣ ሲያየው ፊልሙን እንኳ በጥርጣሬ መመልከት ይጀምራል።

የትርጉም ጽሑፍ

ከሐዋሳ የሚላክ ፊልም የሚወድቀው ወይም የሚነሳው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። በአንድ ፊልም ውስጥ አማርኛ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ ተቀላቅለው ሲነገሩ መስማት በከተማችን የተለመደ ነው፤ ያ ቅይጥ ራሱ የፊልሙ ውበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሲዳምኛውን ንግግር «አይተረጎምም» ብሎ መዝለል አይገባም። ሁሉም ንግግር ይተርጎም፤ የቋንቋው መለወጥ ለታሪኩ አስፈላጊ ከሆነ ደግሞ አንደኛውን ቋንቋ በዘንበል ያለ ፊደል መለየት ይቻላል።

ቃል በቃል መተርጎም ትልቁ ወጥመድ ነው። አንዲት እናት ለእንግዳዋ «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!» ስትል፣ ተርጓሚው «ሞቴን እለምንሃለሁ» የሚል ዓይነት ነገር ጽፎ ያየሁበት ፊልም ነበር፤ የውጭ ተመልካች ሴትየዋ በጠና የታመመች መስሎት እስከ መጨረሻው ሞቷን ሲጠብቅ ይኖራል። ትርጉሙ መያዝ ያለበት የመለማመጡን ለዛ እንጂ ሞትን አይደለም። «አይዞህ»ም እንደ ትዕይንቱ ይለያያል፤ አንድ ቦታ ማጽናናት፣ ሌላ ቦታ ማበረታታት፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ጠርሙስ የወደቀበትን ልጅ «ምንም አይደል» እንደማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው «አንተ» እና «እርስዎ» ነው። አማች አማቱን ሃያ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲል ኖሮ በቁጣ «አንተ» ያለበት ቅጽበት የፊልሙ ጫፍ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነቱ መታጠፊያ ካለ ከዚያ በፊት ባሉት ትዕይንቶች በሙሉ የማዕረግ መጠሪያ በትርጉሙ ውስጥ ያስገቡና፣ በቁጣው ቅጽበት ያንን መጠሪያ ይጣሉት። ተመልካቹ ቃሉን ባይሰማም የወደቀው ክብር ይሰማዋል።

ቴክኒኩ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ አንዱ መስመር ከ40 ፊደላት ገደማ አይለፍ፤ አንዱ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ ስድስት ወይም ሰባት ሰከንድ ይቆይ። ትዕይንት ሲቆረጥ ጽሑፉም አብሮ ይቆረጥ። ከዚያም አማርኛ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ፊልሙን እንዲያይ ያድርጉና ታሪኩን እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሰው ማግኘት አያስቸግርም፤ አንድ ቡና መጋበዝ ይበቃል። የተሳሳተበትን ቦታ ሁሉ ያርሙ።

ድምፅ

ምስሉ በመጠኑ ቢጨልም ኮሚቴው ይታገሳል፤ ድምፁ ሲበላሽ ግን ማንም አይታገስም። የሐዋሳ ድምፆች ብዙ ናቸው፤ የባጃጅ ሞተር፣ የጠዋቱ ቅዳሴና አዛን፣ በአሞራ ገደል ለተጣለ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚሻሙት አባ ኮዳዎች የምንቃር ኳኳታ፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የሐምሌ ዝናብ። እነዚህን ማጥፋት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከንግግሩ ለይቶ መቅረጽ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ዝም እንዲል አድርገው የቦታውን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ። ይህች አንዲት ደቂቃ ኤዲቲንግ ላይ የምታድነው ብዙ ነው። የተበላሸን ንግግር በስቱዲዮ መልሶ መቅረጽ ይቻላል፤ ግን ተዋናዩ ያን ቀን የነበረውን ስሜት መልሶ ማምጣት እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

መብትና ፈቃድ

ቅጹ ላይ «በፊልሙ ውስጥ ያለው ሁሉ መብቱ የተከፈለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ እርስዎ ምልክት ሲያደርጉበት ኃላፊነቱን ወሰዱ ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ ከሬዲዮ የሚሰማ አንድ የታወቀ ዘፈን እንኳ ካለ የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩና የቅጂው ባለመብቶች በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። በአገራችን ይህን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ዘፋኙ ወንድሜ ነው፣ ፈቅዶልኛል ማለት አይበቃም፤ ወረቀት ይጻፍ። ርካሹ መንገድ ለፊልሙ ብቻ የሚሆን ሙዚቃ ከከተማው ወጣት ሙዚቀኞች ጋር መሥራት ነው።

በዘጋቢ ፊልም የሚታዩ ሰዎችም ይፈርሙ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ሐሳቡን በካሜራ ፊት በራሱ ቋንቋ ተነግሮት መስማማቱን ይቅረጹ። ለሕፃናት ወላጅ ይፈርማል። የፍቼ ጫምባላላን በዓል የቀረጸ ሰው ከአገር ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገሩ ከሕግም በላይ የወግ ጉዳይ ነው፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባ መሆኑ ለባለቤቶቹ ያለውን ክብር አይቀንሰውም።

ቅጹን መሙላት

አብዛኞቹ ፌስቲቫሎች ፊልም የሚቀበሉት ፊልምፍሪዌይን በመሰሉ መድረኮች ወይም በራሳቸው ድረ ገጽ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የስም ጉዳይ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን የእኛን አባት ስም ነው የሚጠብቀው፤ የስምዎን የላቲን አጻጻፍ ፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው በትክክል ይጻፉ፤ በኋላ የግብዣ ደብዳቤው በዚያ ስም ስለሚወጣና ኤምባሲ ያንን ደብዳቤ ከፓስፖርቱ ጋር ስለሚያመሳክር፣ የአንዲት ፊደል ልዩነት ቪዛ ሊያስከለክል ይችላል። የፊልሙንም ርዕስ የላቲን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስነው በፖስተሩም፣ በቅጹም፣ በፊልሙ መግቢያም ላይ እንዳይለዋወጥ ያድርጉ።

ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም በአምስት ስድስት መስመር እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። እኛ እዚህ ላይ መልእክት መጻፍ እንወዳለን፤ «ፊልሙ ስለ ፍቅርና ስለ ሥራ ክቡርነት ያስተምራል» እንላለን። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ማን፣ የት፣ ምን እንደገጠመውና ምን እንዳደረገ ነው። «መረቡ የተሰረቀበት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሌባውን ፍለጋ አንድ ሌሊት በሐይቁ ዳር ይዞራል» የሚለው ከአሥር መስመር ትምህርት ይሻላል። የዳይሬክተሩ መግለጫም እንዲሁ አጭር ይሁን፤ ይህን ፊልም ከሌላ ሰው ይልቅ እርስዎ ለምን እንደሠሩት ይናገር። ከፊልሙ የተወሰዱ አራት አምስት ጥሩ ፎቶዎች ያያይዙ፤ ከቀረጻው ጀርባ የተነሱት ለብቻ ይቀመጡ።

ሊንኩን ከላኩ በኋላ ፓስወርዱን አይቀይሩ። ይህ እንደ ቀልድ ቢመስልም፣ በሁለተኛው ወር ለሌላ ሰው ሲልኩ በጥንቃቄ ብዛት ፓስወርድ ቀይረው ኮሚቴውን ውጭ ያቆሙ ሰዎችን አውቃለሁ።

ክፍያው የራሱ ራስ ምታት አለው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ ካርድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ለአሥር ፌስቲቫል ሲደመር ደግሞ ከባድ ወጪ ይሆናል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ነፃ እንዲደረግልዎ መጠየቅ እንደሚቻል ነው። ቀነ ገደቡ ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው ለፕሮግራም ክፍሉ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ማን እንደሆኑ፣ ፊልሙ ስንት ደቂቃ እንደሆነና ምን እንደሚያወራ በሁለት መስመር፣ ለምን ወደ እነርሱ ሊልኩ እንደፈለጉ ከቀድሞ ምርጫዎቻቸው አንዱን ጠቅሰው በአንድ መስመር፣ ከኢትዮጵያ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚያስቸግር ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ኮድ እንዲሰጡዎ በመጨረሻው መስመር ይጠይቁ። ድህነትን አይተርኩ፤ ልመና አይምሰል። ከአምስት ደብዳቤ ሁለቱ እንኳ በጎ መልስ ቢያመጡ ትርፍ ነው።

ከተመረጠ በኋላ

መልካሙ ደብዳቤ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ እስኪፈቀድልዎ ድረስ ዝም ማለት ነው። ፌስቲቫሎች የተመረጡትን በአንድ ቀን ራሳቸው ማሳወቅ ስለሚፈልጉ፣ ፌስቡክ ላይ ቀድሞ መለጠፍ ቅያሜ ያመጣል። ሁለተኛው ለሲኒማ ማሳያ የሚሆነውን ዲሲፒ የተባለውን ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር በራስዎ ኮምፒውተር መሥራት ይቻላል። ፊልሙ ከመጀመሪያው በሰከንድ በ24 ፍሬም ከተቀረጸ ጣጣው ይቀላል፤ በስልክ በ30 የተቀረጸ ግን እንቅስቃሴው እንዳይንቀጠቀጥ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ቅጂው ትልቅ ነው፤ በከፍተኛው ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 250 ሜጋቢት፣ የ15 ደቂቃ ፊልም ወደ 28 ጊጋባይት ይደርሳል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ይህ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጥራቱን በግማሽ ቀንሶ መሥራት፣ በሌሊት መጫንና ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል የመጫኛ መንገድ መምረጥ ይበጃል። ለአጭር ፊልም ቅጂው ያለ ልዩ ኮድ እንዳይከፈት የሚያደርግ ቁልፍ አያድርጉበት፤ ቁልፉ ባልሠራበት አዳራሽ ውስጥ መቀመጥን የመሰለ ስቃይ የለም። ከመላክዎ በፊት ዲሲፒ በሚያጫውት ሲኒማ ቤት አንድ ጊዜ መፈተሽ አለበት፤ ለዚህም ሆነ ለቪዛ ወደ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መመላለስ አይቀርምና፣ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ለማድረግ ቀኑን ያቀናጁ።

ካልተመረጠስ? የሚመጣው ደብዳቤ ለሁሉም ተመሳሳይ ነው፤ ምክንያት አይነግርም፣ ምክንያት መጠየቅም መልስ አያመጣም። ወደ ሚቀጥለው ፌስቲቫል ይለፉ። ብዙዎቹ የሚቀበሉት ከተጠናቀቀ ከ12 እስከ 24 ወራት ያልበለጠውን ፊልም ስለሆነ፣ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች መውረድ ብቻ ነው።

ጊዜው ሲያልቅ፣ ወይም የመጨረሻው ፌስቲቫል ሲፈቅድ፣ አዳራሹን አሁን ይከራዩ። ለዚህ የሐዋሳ ምረቃ የእንግሊዝኛው የትርጉም ጽሑፍ አይሆንም፤ ለሲዳምኛው ንግግር የአማርኛ፣ ለአማርኛው ደግሞ የሲዳምኛ ጽሑፍ ለብቻው ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ፊደሉንም ከወትሮው ከፍ ያድርጉት፣ ከፊት የሚቀመጡት ሽማግሌዎች መነጽራቸውን ቤት ረስተው ይመጣሉ።